የባሲሊዮ ሚስት ትሳፈር

አሮጌ ጀልባ ሊገዛ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቀለሟን ነው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ መጀመሪያ የሚያዘጋጀው ቀለሟን ነው። የባሲሊዮ ጀልባ ሰማያዊ ነበረች። በጣም ሰማያዊ ነበረች። እጄን አሳርፌባት ሳነሣው መዳፌም ሰማያዊ ሆነ።

"መቼ ቀባሃት?" አልኩት።

"ኧረ ቆየ" አለ ባሲሊዮ።

መዳፌን አሳየሁት።

"እርጥበቱ ነው፣ ማማ ፌሊስሚና። በዚህ ሰሞን ምን ነገር ይደርቃል ብለሽ ነው?"

ዝናብ ካየን ቆይተናል። የጉድጓዳችን ውሃ እንኳ ሸሽቶ ገመድ ቀጥለንበታል። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ ሊያዩ የተሰበሰቡትም ያውቃሉ። 

ጀልባ የፈለግሁት ለልጄ ለአርሚንዶ ነው። አርሚንዶ ትልቅ ሰው ነው፤ ሚስት አለው፣ ልጆች አሉት። የአባቱ ጀልባ በአውሎ ነፋሱ ጊዜ ከተሰባበረች ወዲህ የሚሠራው በሰው ጀልባ ነው። በሰው ጀልባ የሚሠራ ዓሣ አጥማጅ ደግሞ ለቤቱ ይዞ የሚመጣው ባለጀልባው ያልፈለገውን ዓሣ ነው። በመጨረሻ ለጆሃንስበርግ የወርቅ ጉድጓድ ሠራተኛ ለሚሰበስበው ሰውዬ ስሙን ሰጠ። አውቶቡሱ ሰኞ ጠዋት በመንደራችን በኩል ያልፋል ተባለ።

አባቱም ሄዶ ነበር። ተመልሷልም። ይዞ የመጣው ሬዲዮና ሳል ነው። ሬዲዮው ቶሎ ተበላሸ። ሳሉ እስከ መጨረሻው ሠራ።

"ጀልባ ቢኖረኝ አልሄድም ነበር" አለኝ አርሚንዶ። "ደስ ብሎኝ የምሄድ መስሎሽ ነው እንዴ? መሬት ሥር ምን አለኝ?"

"እንግዲያው ጀልባ እገዛለሁ።"

"በምን?"

"በኮኮናቶቹ።"

 ኮኮናቶቹን አባቴ ነው የተከላቸው፤ ከባሕሩ ዳር እስከ አውራ ጎዳናው ይደርሳሉ። ከነሱ እንበላለን፣ ዘይት እናወጣለን፣ ቤት እንከድናለን። ከነሱ ሌላ ያለኝ አንድ ፍየልና ምላሴ ነው፤ ሁለቱንም የሚፈልግ የለም።

"ጀልባ ካገኘሽ እቀራለሁ" አለ። "ግን እስከ ሰኞ ነው፣ እማዬ። አውቶቡሱ አንቺ ሐሳብሽን እስክትጨርሺ አይቆምም።"

በኛ ባሕር ዳር ጀልባ የሚሸጠው ባለቤቱ ሲሞት ነው። ባሲሊዮ አልሞተም። ጉልበቴን አመመኝ፣ ከእንግዲህ መሬት ላይ ልቀመጥ አለ። ለጀልባዋም ኮኮናቶቼን ሁሉ ጠየቀ። ከፊቷ ላይ በነጭ ቀለም "እግዜር ያውቃል" የሚል ስም ተጽፎባታል። እኔም ማወቅ ስለፈለግሁ ሽርጤን ጠበቅ አድርጌ አስሬ ወደ ሥሯ ገባሁ።

ባሕሩ ሸሽቶ ስለነበር ጀልባዋ አሸዋው ላይ በጎኗ ተጋድማ ነበር። ከባሲሊዮ ጋር አማዴ መጥቷል። አማዴ የጀልባ አናጢ ነው። ከኛ መንደር እስከ ማሺሺ ከተማ ያለውን ጀልባ ሁሉ የጠገነው እሱ ነው፤ ስለዚህ መጥፎ ጀልባ አይቶ አያውቅም።

"ጥሩ ናት" አለ፣ ገና ጎንበስ ሳልል።

ድንጋይ አንሥቼ ሳንቃዎቿን አንድ በአንድ መታሁ። ደህና እንጨት ሲመታ ይመልስልሃል፤ የበሰበሰ ዝም ይላል። ሁሉም መለሱ። ከዚያ ቢላዬን አውጥቼ ከታች በኩል፣ ሳንቃው ከዋናው ግንድ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ወጋ አደረግኋት። ውሃ የሚተኛው እዚያ ስለሆነ ብስባሹም የሚጀምረው እዚያ ነው። ቢላው የጥፍር ያህል ገብቶ ቆመ። ይህ ጥሩ ነው። ዘልቆ ቢሄድ ኖሮ እኔም ወደ ቤቴ እሄድ ነበር።

"ሴትዮዋ ጀልባ ትገዛለች ወይስ አሳማ ታርዳለች?" አለ ከቆሙት አንዱ።

"ዝም ብለህ ሸራውን ዘርጋልኝ" አልኩት።

ሁለት ሆነው ሸራውን ወደ ፀሐይ ያዙልኝ። ከኋላው ሆኜ አየሁ። ፀሐይዋ በብዙ ቦታ ወጣች።

"ይሄ ምንድን ነው ባሲሊዮ?"

"ነፋሱ ሲበዛ እንዲያልፍ ነው።"

"ሆን ብለህ ነው የበሳኸው?"

"እኔ ሳልሆን ጊዜ ነው የበሳው። ግን ጠቅሞኛል።"

ሸራ መጣፍ እችላለሁ፤ በሱ አልተጨነቅሁም። ሚስማሮቹን አየሁ። ከየሚስማሩ ራስ ሥር ቡናማ እንባ ቢወርድ ብረቱ ሞቷል ማለት ነው። አንዳንዶቹ አልቅሰዋል፤ ቀለም ተቀብቶላቸው በቀለሙ ላይ ደግመው አልቅሰዋል። ይህም ሚስማር መቀየር ነው፤ ይደረጋል። ገመዱን ከጫፉ ሳይሆን ከመሃሉ ዘርግቼ አየሁት። አዲሱ ጫፉ ብቻ ነበር።

"አሁን ገልብጧትና ያንን ጎኗን አሳዩኝ" አልኩ።

ባሲሊዮ ሳቀ። "ያ ጎኗ ከዚህኛው ጋር አንድ ነው።"

"አንድ ከሆነ ባየው ምን ይጎድልብሃል?"

"ጀልባዋ በዚያ መተኛት አትወድም።"

"እኔም በግራዬ መተኛት አልወድም። ግን እተኛለሁ።"

ሰዎቹ እየሳቁ እንጨት አስገብተው አገላበጧት። ያኛው ጎን አልተቀባም ነበር። ቀለሙ አልቆብን ነው አለ ባሲሊዮ። ያልተቀባው ጎን ደህና ነበር። ይህ ነገር አሳሰበኝ። የተቀባው ጎን ደህና፣ ያልተቀባውም ደህና፤ ሰውየው ግን ፊቱ ላይ ላብ አለ።

ወጥቼ ውስጧን አየሁ። ውስጧ ተቀብቷል። በኛ አገር የጀልባ ውስጥ የሚቀባ ሰው የለም፤ ለዓሣ ማን ቤት ያሳምራል? እጄን ከመቀመጫው ሥር፣ ዓይን ከማይደርስበት ሰድጄ ስዳብስ አንድ ነገር ቆረጠኝ። ጣቴን ሳወጣው ደምም ሰማያዊ ቀለምም ነበረበት።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ድንጋይ ላይና በጀልባ ሆድ ላይ የሚጣበቀው፣ የዋናተኛ እግር የሚቆርጠው፣ ትንሽ የባሕር ፍጥረት የሚኖርበት ነጭ ቅርፊት ነው። ያ ቅርፊት በጀልባ ውጭ በኩል ይበቅላል። ይሄ በውስጥ ነበር፣ ተቀብቶ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ጀልባ ፀሐይ ላይ ሲሰነብት ሳንቃው ደርቆ ይኮማተራል፤ በመሃል በመሃል ብርሃን ይታያል። ያኔ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ድንጋይ ጭነን እናሰምጠዋለን። ባሕሩ አንዴ ሁለቴ ሞልቶ እስኪሸሽ እንተወዋለን፤ እንጨቱ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ይገጥማል። ሁሉም ሰው ያደርገዋል፤ ነውር የለበትም። ቅርፊት ግን መጥቶ፣ ቦታ መርጦ፣ ቤት ሠርቶ፣ እጅ የሚቆርጥ እስኪሆን ድረስ ብዙ ጊዜ ያስፈልገዋል።

"ባሲሊዮ፣ ምን ያህል ጊዜ ነው ሰምጣ የቆየችው?"

"ትንሽ እንድትጠጣ ብዬ ነው።"

"ይህቺ ጠጥታ የወጣች አይደለችም። እዚያ የኖረች ናት።"

አማዴ ጎንበስ ብሎ ቅርፊቱን አየና "ጥሩ ቅርፊት ነው" አለ።

"ፀሐይ ላይ ትሰንብትና ደርቃ ልያት" አልኩ።

"በቃ ግደላት በዪኝ እንጂ!" አለ ባሲሊዮ። "ጥሩ ጀልባ እንዲህ ይደረጋል? ሰው ገዝቶ ነው እንጂ የሚያደርቀው፣ አድርቆ አይገዛም።"

አርሚንዶ ክንዴን ያዘኝ። ፊቱ ጠቁሯል። "እማዬ፣ እስኪደርቅ ጊዜ የለንም። ሰኞ ነው ያልኩሽ።"

እውነቱን ነው፤ ጊዜ አልነበረንም። ባሲሊዮም ይህን ያውቃል፤ መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

"እሺ" አልኩ። "ነገ ባሕሩ ሲሞላ እንሳፈርባት።"

"ምን ችግር አለ!" አለ ባሲሊዮ።

"ሚስትህ ሎርዴስም ትሳፈር።"

እጁን ከጀልባዋ ላይ አነሣ። "ሎርዴስ? እሷ ደግሞ ለምን?"

"ለምን አይሆንም?"

"ነገ ሥራ አላት።"

"ምን ሥራ?"

"ራሷንም ያማታል።"

"አሁን ነው የጀመራት ወይስ ቅድም?"

ሰዎቹ መሳቅ ጀመሩ። አንዱ "ባሲሊዮ፣ ለጀልባዋ ነው ወይስ ለሚስትህ የፈራኸው?" አለው። ሌላው "እኔ ብሆን አማቴን ነው የማሳፍረው!" አለ። ባሲሊዮ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ፤ ሳቁ አላልቅ ሲለው "ትምጣ፣ ትምጣ! ምን ታመጣለች!" ብሎ ሄደ።

ሚስቱን ያልኩት ክፋት አስቤ አይደለም። የምታፈስ ጀልባ ከሆነች ሚስቱን ይዞ ወደ መሃል ባሕር አይወጣም ብዬ ነው። ተሳስቼ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ አርሚንዶ ከፊቴ ከፊቴ ሄደ። ቤቱ አጠገብ ሲደርስ ዞረ።

"መንደሩ ሁሉ ሳቀብን።"

"ሳቅ ጀልባ አያሰምጥም።"

"እማዬ፣ አንቺ የምትፈልጊው እኔ እንድቀር ነው ወይስ ባሲሊዮን ማሸነፍ ነው?"

"ሁለቱንም" አልኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ሎርዴስ የቤተ ክርስቲያን ልብሷን ለብሳ፣ የቤተ ክርስቲያን ጫማዋን አድርጋ መጣች። "ከሰመጥኩ ለቀብር ልብስ መፈለግ አያሻችሁም" አለች። አማዴን ና ተሳፈር ስለው፣ ጀልባዋ ጥሩ ስለሆነች የኔ መሳፈር አያስፈልግም አለ።

ገብተን ባሕሩ እስኪሞላ ተቀመጥን። ሎርዴስ እኔን አልፋ ከኋላ በግራ በኩል ያለውን ከፍ ያለውን መቀመጫ ያዘች። ጫማዋን አወለቀች። በክሩ ሁለቱን አንድ ላይ አስራ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። ቀሚሷን ከጉልበቷ በላይ ሰብስባ ሸጎጠችው። አንድ እግሯን ወጣ ያለ እንጨት ላይ አሳረፈች፣ ሌላውን ከፍ አድርጋ አጠፈች። ይህን ሁሉ ስታደርግ ባሲሊዮን ስለ ቁርሱ እየሰደበችው ነበር።

ጀልባዋ ገና ደረቅ አሸዋ ላይ ናት።

አየኋት። እኔም ሽርጤን ሰብስቤ ሸጎጥኩ።

ባሕሩ መጥቶ አነሣን። ባሲሊዮና አርሚንዶ ሸራውን ሰቀሉ። ነፋሱ ከደቡብ ነበር። ጀልባዋ አንዴ ተንቀጠቀጠችና ሄደች። መሄድስ ትሄዳለች። ከፊቷ ያለውን ውሃ ሳትታገል ትከፍለዋለች፤ የሸራው ምሰሶ ጩኸት እንኳ የተስማማ ነው። ባሲሊዮ "እስቲ ያዛት" ብሎ መሪውን ለአርሚንዶ ሰጠው። አርሚንዶ ከያዛት በኋላ ስለ አውቶቡስ አላነሣም። ፊቱን አየሁት። ባሲሊዮም አየው። እኔ ፊቱን በሽርጤ ብሸፍነው ደስ ባለኝ፤ ዕቃ የሚገዛ ሰው እንደዚያ መሳቅ የለበትም።

ሎርዴስ ስለ እህቷ ልጅ ሠርግ ትነግረኝ ጀመር። ሙሽራው ዘግይቶ መጣ፤ ሲመጣም ሰክሯል፤ የሙሽራው እናት ደግሞ የተጠበሰውን ዶሮ በሽርጧ ጠቅልላ ልታወጣ ስትል ተይዛለች። ይህን እያወራች እጇ ወደ መቀመጫው ሥር ገባ። ዓይኗ እኔ ላይ ነው። እጇ ጣሳ ይዞ ወጣ። ጎንበስ ሳትል ውሃ ጨለፈች፣ በትከሻዋ ላይ ወደ ባሕር ደፋች። ደግማ ጨለፈች። ወሬዋ አልተቋረጠም። ዶሮው ጋ ስትደርስ ተናደደችና ቶሎ ቶሎ ጨለፈች፤ ሙሽሪት ያለቀሰችበት ላይ ቀስ አለች።

"ሎርዴስ" አልኳት። "ምን እየሠራሽ ነው?"

"ስለ ሠርጉ እየነገርኩሽ ነዋ!"

"እጅሽ።"

እጇን አየችው። የሌላ ሰው እጅ እንደምታይ አየችው።

"እህ" አለች። "እየጨለፍኩ ነው።"

ባሲሊዮ ሸራውን እያየ ነበር። ሸራው ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም። "ሁሉም ጀልባ ይጨለፋል" አለ።

"መቼ ጀመርሽ ሎርዴስ?" አልኳት።

"መጨለፍ? ከተጋባን ጀምሮ ነዋ። ሙሽራ ሆኜ መጥቼ ጣሳውን ሰጠኝ።"

"ሁልጊዜ?"

"ሸራው ከተሰቀለ አዎ። ካልተሰቀለ ደግሞ ጠብ አይልም። ሌሎች ረዳቶች ቀጥሮ ያውቃል፤ እጃቸው ሲደክም ይሄዳሉ። እኔ የት እሄዳለሁ?" ይህን ስትል ቅሬታም አልነበረባት፤ ስለ ዝናብ እንደሚወራ ነው ያወራችው።

"እስቲ ተዪው" አልኳት።

"ምኑን?"

"መጨለፉን።"

ጣሳውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ሁላችንም ወደ ታች አየን። ውሃው ከእግሬ ጣት ጀመረ። ትንሽ ቆየና ቁርጭምጭሚቴ ጋ ደረሰ። የሎርዴስ እጅ ጣሳውን መልሶ አነሣው። "አልችልም፣ እጄ እምቢ አለኝ" አለች።

አርሚንዶ መሪውን ለባሲሊዮ መልሶ መጣና ምሰሶው የቆመበትን ጣውላ አነሣው። ክንዱን ውሃ ውስጥ ከትቶ ዳበሰ። ብዙ ዳበሰ።

"እዚህ ነው" አለ። "ምሰሶውን የሚሸከመው አግዳሚ ተሰብሯል። ሸራው ሲጎትት ምሰሶው ይገፋል፤ ሳንቃው አፉን ይከፍታል። ሸራው ሲወርድ መልሶ ይገጥማል።"

መሬት ላይ ያላገኘሁት ለዚህ ነው። መሬት ላይ የለም። ብደበድባትም ብወጋትም አላገኘውም ነበር። ባሲሊዮ ግን ሳንቃው ባበጠ መጠን ክፍተቱ እንደሚቀንስ ስለገመተ ነው ያን ያህል ጊዜ ያሰመጣት፤ ቅርፊቱን ግን አልገመተም። ሚስቱ እጇ የሚሠራውን እንደማታውቅ ሁሉ፣ እሱም እጇን ረስቶት ነበር። ያለ ጣሳ ሎርዴስን አይቷት አያውቅማ።

"ሌላው ደህና ነው?" አልኩት ልጄን ቀስ ብዬ።

"ሌላው ደህና ነው። አግዳሚውን ብንቀይረው፣ ሁለት ሳንቃ ብንለውጥ …" ሌላውን አልጨረሰውም። ፈገግ ሊል ሲል በክርኔ መታሁት።

ተመልሰን አሸዋው ላይ ስንወርድ ሰው ሁሉ እየጠበቀ ነበር። እዚያው፣ እርጥብ እንደሆንኩ፣ "ግማሹን ኮኮናት እሰጥሃለሁ" አልኩት ባሲሊዮን።

"ሙሉውን ነው የተነጋገርነው።"

"ስለ ጀልባ ነበር የተነጋገርነው። ይህቺ ጀልባና ሎርዴስ ናት። ሎርዴስን አብረህ ትሰጠኛለህ?"

"ሙሉውን፣ አለዚያ ምንም" አለ። ሰው ስለሳቀ ነው እንዲያ ያለው።

"እማዬ፣ ስጪው" አለ አርሚንዶ። "እኔ እጠግናታለሁ።"

"የምትጠግናት አንተ ከሆንክ ለጥገናህ እሱን የምከፍለው ለምንድን ነው?"

"ስጪው አልኩ!"

"አልሰጥም።"

አየኝ፣ አየኝና "እንግዲያው ሰኞ ሄድኩ" አለ። ሄደም። ሚስቱ ዛልቲና ከኋላው ሮጠች።

ልጠራው ቃጣኝ። ግን ሙሉውን ብሰጥ ጀልባዋ ተጠግና ዓሣ እስክትይዝ የምንበላው አይኖርም። የሚበላ ካልኖረ ደግሞ ልጄ ያው አውቶቡስ ላይ ይወጣል፤ ልዩነቱ ያኔ እኔ ጀልባም ኮኮናትም ልጅም የለኝም። ይህን ለማንም አላስረዳሁም። ቆሜ ሽርጤን ጨመቅሁ።

ሎርዴስ ጫማዋን እንዳንጠለጠለች ሁሉን ሰምታለች። ጣሳውን እጇ ላይ ገልብጣ አየችው። ታችኛው ከንፈሩ በመፋቅ ብዛት ሳስቶ እንደ ወረቀት ሆኗል። ጀልባው ውስጥ ወረወረችውና ወደ ቤቷ ሄደች።

እሑድ ከጸሎት በኋላ ከካሹው ዛፍ ሥር ተቀምጠን ካሳቫ ስንልጥ ሎርዴስም መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ስለ ትናንቱ አላነሣንም። የአርሚንዶ ሻንጣ ከቤቱ በር ላይ ቆሟል፤ ስለሱም አላነሣንም። ባሲሊዮ መጣ።

"ሎርዴስ፣ ባሕሩ ሞልቷል።"

"አየሁት።"

"መረቡን እናንሣ እንጂ፣ ዓሣው ይበላሻል።"

"አንሣዋ።"

"ማን ይጨልፋል?"

ይህን ካሳቫ በሚልጡት ሴቶች ሁሉ ፊት ነው ያለው። ሎርዴስ ቢላዋን አላቆመችም። "ሁሉም ጀልባ ይጨለፋል ብለሃል። ጨልፍ።"

"ዛሬ ምን ነክቶሽ ነው?"

"እጄን ደክሞኛል።"

 አንዷ ሴት ጉሮሮዋን ጠረገች። ያኔ ዘወር ብሎ ሄዶ ጀልባዋን ብቻውን ገፍቶ፣ ሸራውን ብቻውን ሰቅሎ ወጣ። ጉልበቱ ምንም አላለውም።

አንድ ሰው መሪ ይይዛል። የሸራውን ገመድም ይይዛል። ጣሳ የሚይዝበት ሦስተኛ እጅ የለውም። ካሳቫውን ትተን ወደ ባሕሩ ዳር ወጣን። ወደ መረቡ ሲሄድ ጀልባዋ ሰማያዊ ነበረች። ሲመለስ ሰማያዊው አይታይም። ሸራ አለ፤ ከሸራው ሥር ደግሞ ባሲሊዮ ከጉልበቱ በላይ አለ። ሌላ ነገር የለም። ከሩቅ ሲታይ ሸራ የያዘ ሰው በባሕር ላይ ቆሞ የሚመጣ ይመስል ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ገና መውጣታችን ስለነበር አንዳንዶች አማተቡ።

እንጨት ነችና ጨርሳ አልሰመጠችም። አርሚንዶ ገመድ ይዞ ከሁሉ ቀድሞ ዋኘ። ሌሎቹ ተከትለውት፣ ሸራውን አውርደው፣ እየጎተቱ አሸዋው ላይ አወጧት። ባሲሊዮ ውሃ እያንጠባጠበ ሚስቱን አልፎ እኔ ጋ መጣ።

"ግማሹ ከየት እስከ የት ነው?"

"ከውሃ ጉድጓዱ እስከ ባሕሩ።"

"ጉድጓዱስ?"

"የኔ።"

"እሺ።"

"ትናንት እሺ ብትል ኖሮ ልብስህ ደረቅ ነበር" አለች ሎርዴስ።

"ሻይ አለ?" አላት።

"አለ።"

ጀልባዋ የኔ ሆነች። አርሚንዶ ግን እቀራለሁ አላለም። እኔም አልጠየቅሁትም፤ ሰው ፊት ሄድኩ ብሎ ነበርና ሰው ፊት ቀረሁ እንዲል ባስጨንቀው እልህ ይይዘዋል፤ ከማን እንደወረሰው አውቃለሁ። ሲመሽ ሻንጣው እዚያው በር ላይ ነበር።

ሰኞ ስነሣ ሻንጣው የለም። ዛልቲና መንገድ ዳር ይዛው ቆማለች። "ያዢልኝ ብሎኝ ነው" አለች። ሌላ አላወቀችም። ወደ ባሕሩ ወረድኩ። ጀልባዋ በጎኗ ተጋድማለች፣ ከሥሯ ሁለት እግር ወጥቷል፤ የአርሚንዶ እግር ነው። አማዴ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ለአግዳሚው የማንጎ እንጨት ይበቃል ይለዋል።

"ማንጎ ምሰሶ ይሸከማል? አንተ ነህ እንዴ መጀመሪያ የሠራኸው?" ይላል አርሚንዶ ከሥር።

"እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ተሰበረ!"

"ጥቂት ቆይቶ ነዋ የተሰበረው" አለ አማዴ።

"ማነው የመጣው? እማዬ ነሽ? ነይ ይህን ሳንቃ ያዢ።"

በወዲያ በኩል ዞሬ ያዝኩ። ፊቱ አይታየኝም፤ የመዶሻውን ድምፅ ብቻ እሰማለሁ። የዛገ ሚስማር ሊያወጣ ይታገላል፣ ይሰድበዋል።

አውቶቡሱ ሲመጣ ከሩቅ ሰማነው። መንገዱ ቅርብ ስለሆነ ንግግራቸውም ይሰማል።

"አርሚንዶ የሚባለው የታለ?" አለ ሠራተኛ የሚሰበስበው ሰውዬ።

"ጀልባ ሥር ነው" አለች ዛልቲና።

"እዚያ ምን ያደርጋል?"

"ይሳደባል።"

አውቶቡሱ ጥሩንባ ነፋ። መዶሻው ቆመ።

አማዴ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፤ እግሩን ረገጥኩት። ሳንቃው ይከብዳል።  አውቶቡሱ ለሁለተኛ ጊዜ ነፋ፣ ረጅም አድርጎ። ቆሞ ሞተሩ ያጉረመርማል። አልዞርኩም። ሳንቃውን ብለቀው እወድቅ ነበር።

"እማዬ!" አለ አርሚንዶ። "ወደ ላይ! ሳንቃውን ወደ ላይ አልኩሽ እኮ፣ አትሰሚም እንዴ?"

ልጄ እንዲህ ደስ የሚል ጩኸት ጮኾብኝ አያውቅም። ሳንቃውን ወደ ላይ አነሣሁት።